ቆሻሻችንን የሚነካው እጅ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር አቅርቢልን» ሲሉኝ ስለ ስኳር በሽታ የምናገር መስሏቸው ነበር። ስለ ስኳርም አነሳለሁ፤ ግን የምደርስበት በቆሻሻ ገንዳ በኩል ዞሬ ነው። ከምሳ በፊት ስለ ቆሻሻ ማውራት ነውር ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሰዓቱን የመደብኩት እኔ አይደለሁም።

ጅማ የተማርን ሁሉ የምንጋራው አንድ ነገር አለ። ሐኪም ሆንን ፋርማሲስት፣ ነርስ ሆንን ላቦራቶሪ፣ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርታችን ጊዜ መጠይቅ ታቅፈን ቤት ለቤት ዞረናል። ሂርማታ ውስጥ ጭቃ ረግጠን፣ አዌቱን ተሻግረን፣ ውሻ ተባርረን። በመጠይቁ ውስጥ «ቤተሰቡ ደረቅ ቆሻሻን እንዴት ያስወግዳል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ፣ በማቃጠል፣ ሜዳ ላይ፣ ሌላ። ምልክት አድርገን ወደ ሽንት ቤቱ ጥያቄ እናልፋለን። መልሱ ቆሻሻው የት እንደሚሄድ ይነግረናል። ምን ምን እንደሚጣል፣ ማን እንደሚያነሳውና በምን እጅ እንደሚያነሳው ግን ወረቀቱ ላይ ቦታ አልነበረውም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ላወራ ነው።

በቅድሚያ አንድ የማልስማማበትን ነገር ልናገር። በየዐውደ ጥናቱ «ኅብረተሰባችን ቆሻሻን ለይቶ የማስወገድ ባህል የለውም» ይባላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች እናታቸው ቤት ያደጉ አይመስለኝም። እስቲ ከእናንተ መካከል ልጅ ሆኖ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ እንዲገዛ ተልኮ ባዶ ጠርሙስ ሳይዝ የሄደ አለ? ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠርሙስ ይዘሃል?» ብሎ ነው። ካልያዝክ ማስያዣ ትከፍላለህ፤ ገንዘቡ ካልተረፈህ እያለቀስክ ትመለሳለህ። በዚህ ምክንያት የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ በቤታችን ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ከተሰበረም ምርመራ ይደረጋል። ይህ እንግዲህ ማንም ስልጠና ያልሰጠበት፣ ፖስተር ያልተለጠፈበት የቆሻሻ መለየት ነው።

ቆራሌውም አለ። ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። ድምፁን ስንሰማ ከአልጋ ስር ያረጀ ድስት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የዘይት ጀሪካን ይወጣል። ልዋጩም አለ፤ ያረጀ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳህን ወይም ማጠቢያ ይሰጣል። የሚሰበሰበው ነገር ከየሰፈሩ ተነስቶ መርካቶ ይገባል። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ምድጃ ሆኖ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ሆኖ፣ የብረት በርሜሉ ተቀጥቅጦ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። የውኃ ፕላስቲኩ፣ ምንም ዓይነት ቢሆን ሁላችንም «ሃይላንድ» የምንለው፣ ዛሬ በኪሎ ይሸጣል፤ ተፈጭቶ እንደገና ጥሬ ዕቃ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ ካለበት አዳራሽ በር ላይ ማዳበሪያ ይዘው የሚጠብቁትን ልጆች አይታችኋል። እንግዳው ሳይወጣ ጠርሙሱ ተለቅሟል።

እንግዲህ እኛ እንለያለን። የምንለየው ግን ገዢ ያለውን ነው። ገዢው ሲጠፋ መለየቱም አብሮ ይጠፋል፤ ለዚህ ከበግ ቆዳ የተሻለ ምስክር የለም። ልጆች ሆነን የፋሲካ ወይም የአረፋ ዕለት በጉ ሳይበለት «ቆዳ አለ!» የሚለው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ነበር። እናቶቻችን ጨው ነስንሰው፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቀው ያቆዩለት ነበር። ባለፉት ዓመታት የቆዳ ዋጋ ወደቀ። አሁን ከበዓል ማግስት በየመንገዱ ዳር ቆዳ ተጥሎ ሲሸት እናያለን። ቤተሰቡ ያው ቤተሰብ ነው፤ ባህሉም ያው ነው። ነጋዴው ግን የለም።

ጀርመን የምትኖር የክፍላችን ልጅ ባለፈው ስትነግረኝ በየቤቱ ለወረቀት፣ ለማሸጊያ፣ ለምግብ ትራፊ የተለያየ ዕቃ አለ። ለየብቻ ካልተጣለ ጎረቤት ይቆጣል። «ፈረንጅ ሥርዓት አለው» ልል ስል እሷው ሳቀች። እዚያም ቢሆን የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሱቅ የሚመለሰው 25 ሳንቲም ስለተያዘበት ነው፤ በየመናፈሻው የሚለቅሙ ሽማግሌዎችም አሉ። ስለዚህ በራሳችን ላይ አንፍረድ።

ሕጉንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ልጥቀሰው፤ የሕግ ምሩቃን ስላላችሁ ብዙ አልዳፈርም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ግዴታ ጥሎበት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። በ1999ኙ አዋጅ የተቀጣ የቤተሰብ ኃላፊ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ገዢ ያለው ከቤት ከወጣ በኋላ ምን ይቀራል? ሁለት ነገር ይቀራል፤ እርጥቡና አደገኛው።

እርጥቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ፣ እዚህ ጅማ ደግሞ የጫት ገረባ። በከተሞቻችን ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። ድሮ ግቢ ስለነበረን ችግር አልነበረም። እንጀራው ድርቆሽ ይሆናል፣ የተረፈው ለውሻ፣ አተላው ለላም፣ ልጣጩ ለበግ። ቆሻሻ የሚባለው አመድና የተሰበረ ብርጭቆ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ኩሽናችን ሁለት ሰው አያስቆምም። ላም የለ፣ በግ የሚመጣው ለበዓል ዋዜማ ነው፤ እሱም በረንዳ ላይ ታስሮ ያድራል። ታዲያ የሽንኩርቱ ልጣጭ ከሕፃኑ ዳይፐር፣ ዳይፐሩ ከሃይላንዱ፣ ሃይላንዱ ከተሰበረው ብርጭቆ ጋር አንድ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይታሰራል።

ጎረቤቴ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት። ቴሌቪዥን ላይ «በሁለት ማዳበሪያ ለዩ» ሲባል ሰምተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዩ። እርጥቡን በአንዱ፣ ደረቁን በሌላው። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሰብሳቢው ሁለቱንም ማዳበሪያ እጋሪው ላይ አንድ ላይ ገለበጣቸው። «የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ለይቼ እሱ እዚያ የሚቀላቅለው ከሆነ ጉልበቴን ምን አደከመኝ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አይለዩም። መልስ አልነበረኝም።

ሰብሳቢውንም ግን መውቀስ አልችልም። ጋሪው አንድ ነው። የሚገለብጥበት ገንዳ አንድ ነው። ገንዳውን የሚያነሳው መኪናም አንድ ነው። እኛ የምንከፍለው ከውኃ ቢላችን ጋር ተደምሮ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲከፈላቸው የኖረው ገንዳ ድረስ ባደረሱት መጠን ነው። መጠን ብቻ በሚከፈልበት ቦታ ለይቶ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው። ትንሽ ድጎማ የሚያገኙት ከመሃል ሃይላንድና ካርቶን ለቅመው ሲሸጡ ነው፤ እሱንም በእጃቸው ፌስታሉን ፈትተው፣ ከዳይፐሩና ከበሰበሰው ምግብ ውስጥ እየፈለጉ። እኛ ደረቁን ለብቻ ብንሰጣቸው ይህ ገቢያቸው ንጹሕ ሆኖ፣ ሳይቸገሩ በእጃቸው ይገባ ነበር። ቤተሰቦች እንዲለዩ ስንቀሰቅስ ይህችን ነገር ብንናገር ስለ አየር ንብረት ከምንናገረው በላይ የምትገባ ይመስለኛል። ሰው ለሚያውቀው ሰው ይለያል።

ሁሉም ተቀላቅሎ የሚደርስበትን ቦታ ስሙን እንኳ ከሥራው ነው ያገኘው፤ ቆሼ። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል ቤታቸው ውስጥ የነበሩ እናቶችና ልጆች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በነሐሴ 2010፣ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። የኢንጂነሪንግ ምሩቃን ከእኔ በተሻለ ታስረዱታላችሁ፤ እርጥብ እንጨት ያነደደ ሰው ግን ይገባዋል። የጎመን ግንድና የቡና አተላ የሞላበት ቆሻሻ መጀመሪያ ውኃው እስኪተን ሙቀት ይበላል። ያ ሁሉ ልጣጭ ምድጃ ውስጥ ምን ያደርጋል? ቦታው አፈር ነው።

እዚህ ላይ ዞር ብዬ የግብርና ምሩቃንን አያለሁ። የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ጀምሮ «እናንተ ሰው ታክማላችሁ፣ እኛ እናበላለን» ትሉናላችሁ። ብስባሽ በትክክል ከተዘጋጀ ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚሞቅ፣ ያ ሙቀት ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንደሚገድል ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት የምታደርገውን ግን እስካሁን አላሳያችሁንም። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከላዩ አመድ ወይም ሰጋቱራ፣ ከዚያ በየብሎኩ ስር አንድ የብስባሽ ቦታ፤ ሽታውና ዝንቡ እንዴት እንደሚያዝ በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ገጽ ጻፉልን። በየግቢው ጓሮ አትክልትና ዶሮ እየተስፋፋ ነው፤ የሚወስደው ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ አደገኛው ልምጣ፤ የእኔ ጉዳይ እሱ ነው።

የምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ቆሻሻ ሰብሳቢ መጣች። ዕድሜዋ 30 ቢሆን ነው፣ የሁለት ልጆች እናት። ጣቷ አብጧል። ፌስታል ስታነሳ መርፌ ወግቷት ነው። መቼ ስላት አምስተኛ ቀኗ ነው። መርፌውን ራሷ ነቅላ፣ እጇን በውኃ አለቅልቃ ሥራዋን ቀጠለች፤ መኪናው ገንዳውን ሳያነሳ መድረስ ነበረባት። ጓንት ነበራት፤ የጨርቅ ጓንት።

ሐኪሞች እዚህ ያላችሁ አምስተኛ ቀን ስል ምን እንዳሰባችሁ አውቃለሁ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያ አልፏል። ለሌሎቻችሁ ግን ላስረዳ፤ ሰው መርፌ ሲወጋው የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በወጣ መርፌ እንኳ ቢሆን የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ሦስት ያህል ነው፤ ተጥሎ በቆየ መርፌ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል። እኔ የምፈራው ሄፓታይተስ ቢን ነው። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ካለበት ደም በወጣ መርፌ ከተወጋ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ማለትም ሰኞ የተጣለ መርፌ እሑድም መርፌ ነው። ብዙ ሰው ምንም ሳይታመም ይዞት ይኖርና ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ተጎድቶ ወይም በጉበት ካንሰር ይመጣል። እንዲህ ያለ ታካሚ ፊት ተቀምጦ ለቤተሰቡ ማስረዳት ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ክትባት አለው፤ ጥሩ ክትባት። ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመርነው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ማለትም ዛሬ ጋሪ የሚገፋው አዋቂ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በራሱ ተነስቶ ካልተከተበ በቀር አልተከተበም።

ልጅቷን መረመርናት፣ የቴታነስ መርፌ ወሰደች፣ የሄፓታይተስ ክትባት ጀመርንላት። ምንጩ ቢታወቅ ግን ነገሩ ይቀል ነበር፤ የሰውዬውን ደም መርምረን ነጻ ከሆነ እሷን ከወራት ጭንቀት እናሳርፋት ነበር። «ከየትኛው ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ፌስታላቸውን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ሄደሽ ነገርሻቸው?»

«ምን ብዬ፣ ዶክተር? ደግ ሰው ናቸው። ቡና ሲፈላ ጠርተው ያጠጡኛል። ስኳር እንዳለባቸው ለጎረቤት አልተናገሩም፤ እኔ ላወጣባቸው ነው?»

ብለምናትም አልነገረችኝም። ሁለተኛውን ዙር ክትባት መጥታ ወሰደች። ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነበር፤ አልመጣችም። ክሊኒክ ስትውል የዚያን ቀን ድርሻዋ ይቀራል።

ከዚህች ሴት በፊት የመለየት ችግር የእውቀትና የጋሪ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላም ነገር አያለሁ። ቆሻሻ ገመና ነው። ጥቁር ፌስታል የምንወደው፣ አጥብቀን የምናስረው፣ አንዳንዱንም ሲመሽ የምናወጣው ለዚህ ነው። ፌስታሉን የሚፈታ ሰው ማን ምን እንደበላ፣ ማን እንደጠጣ፣ የማን ልጅ ዳይፐር እንደሚያደርግ፣ ማን በምን መድኃኒት እንደሚኖር ያውቃል። «ቆሻሻህን ለይተህ አስቀምጥ» ስንለው ቤተሰቡ የሚሰማው «ገመናህን ዘርግተህ አሳይ» ብለን ይሆናል። ተከራይቶ የሚኖር ሰው ደግሞ ባሰ፤ አከራዩ ሕመሙን ካወቀ ምን እንደሚል አያውቅም። ያገባች ልጅ ከአማቷ ደብቃ ኢንሱሊን የምትወጋ አውቃለሁ፤ እንዳይበላሽ ኢንሱሊኗን የምታስቀምጠው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ስሪንጁን የት የምትጥል ይመስላችኋል? ማንም እጁን የማይከትበት ቦታ፣ ከበሰበሰው ምግብ ሥር። እጁን የሚከተው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ስሌቱን ብታዩት ትንሽ ነገር አይደለም። በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በየጊዜው አዲስ መርፌ ቢጠቀም በዓመት 730 ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ከዋጋው የተነሳ አንዱን ደጋግመው ይጠቀማሉ፤ እንዲያም ሆኖ ከመቶ በላይ ነው። በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ መርፌ ከተወጋበት ቅጽበት ጀምሮ ሥርዓት አለው፤ ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ መዝጋት፣ ማቃጠያ። ያው መርፌ የታካሚ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ከበር ሲወጣ ሥርዓቱ እዚያው ይቀራል። ለታካሚው የሚሰጠው ትምህርት የት እንደሚወጋ፣ መቼ እንደሚበላ፣ እግሩን እንዴት እንደሚጠብቅ ይላል። መርፌውን የት እንደሚያደርስ ሲል አልሰማሁም።

እኛ ጋ አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ፤ ተአምር የለውም። ለእያንዳንዱ ኢንሱሊን የሚወስድ ታካሚ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ይዘህ ና እንላለን። ለምን በረኪና? ወፍራም ነው፣ መርፌ አይበሳውም፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ክዳኑ ይጠብቃል፤ ከሁሉም በላይ ማንኛውም ቤት ውስጥ ቢታይ ማንም አይጠይቅም። ሃይላንድ አይሆንም፤ ስስ ነው፣ ደግሞ ለቃሚ ይፈልገዋል። የበረኪናውንም ቆራሌው ስለሚገዛው ሲሞላ ወደ እኛ እንጂ ወደ እሱ እንዳይሄድ አጥብቀን እንናገራለን። መጀመሪያ «የተበከለ መርፌ» የሚል ትልቅ ቀይ ወረቀት እንለጥፍበት ነበር። ታካሚዎቹ ወረቀቱን ቤት ሳይደርሱ ይልጡታል። አንድ ሽማግሌ «ዶክተር፣ ይኼ እኮ የጡሩንባ ያህል ነው» አሉኝ። አሁን የምንለጥፈው ትንሽ ቀይ ክብ ነው። ምን ማለት እንደሆነ እኛ፣ ታካሚውና የአካባቢው ሰብሳቢዎች እናውቃለን። ሰብሳቢዎቹን ጠርተን ነግረናቸዋል፤ ድንገት እንኳ ጋሪ ላይ ቢያገኙት ሳይከፍቱት ያመጡልናል። ሲሞላ ታካሚው ለክትትል በመጣበት ቀን ያስረክባል፤ ከእኛ ሴፍቲ ቦክስ ጋር ይቃጠላል።

ከታካሚዎቻችን ገሚሱ እንኳ አያመጡም። የሚያመጡት ግን ሲያመጡ ኩራት አላቸው፤ እኔ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አነሳዋለሁ፣ «ጎሽ» እላለሁ። በመንገድ ላይ እንቅፋትም አለ። አንድ ታካሚዬ ሰፈሩ ቅርብ ወደሆነ ጤና ተቋም ቢወስደው «ቅጽ ስለሌለው አንቀበልም» ተባለ። እንግዲህ ቅጽ ማዘጋጀት ከባድ ከሆነብን የተማርነው ምንድን ነው?

የፋርማሲ ምሩቃን፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሞልቷል። ሰው ሽንት ቤት ይጨምረዋል ወይም ከቆሻሻው ጋር ይጥለዋል፤ የተጣለውን አንስቶ የሚሸጥም፣ የሚውጥም አይጠፋም። የሚቀበል ፋርማሲ ቢኖር ጥሩ ነው። እስከዚያው ድረስ ለሰው የምነግረው ይህን ነው፤ ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ ከቡና አተላ ጋር ለውሶ፣ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጎ መጣል። ማንም አይለቅመውም፣ ልጅም አይቀምሰውም። ጅማ ላይ አተላ ጠፋ የሚለኝ የለም መቼም።

ቅድም ሻይ ላይ አንዲት መምህሬ «ይኼን ሁሉ የምትለይልሽ ማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ልክ ናቸው። በብዙዎቻችን ቤት ቆሻሻ የምታወጣው የቤት ሠራተኛ ናት። እኛ ስለ መለየት ጉባኤ እንቀመጣለን፤ ፌስታሉን የምታስረው እሷ ናት፣ ብርጭቆ ሲሰበር የምትለቅመው እሷ ናት። ከገጠር የመጣች ልጅ እስከ ትናንት ድረስ ቆሻሻዋ አመድ ነበር። ስለዚህ ወደ ቤት ስትመለሱ መጀመሪያ የምታስረዱት ለእሷ ይሁን፤ የተሰበረ ብርጭቆ በወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ ለብቻ፣ እርጥቡ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ፣ ደረቁ በማዳበሪያ። የጎማ ጓንትም ግዙላት። ለሰብሳቢዋም አንድ ጨምሩ።

አሁን ከመምህራኑ ሁለት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ ተማሪዎቻችሁ ቤት ለቤት ሲወጡ መጠይቁ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፤ «በዚህ ቤት መርፌ የሚጠቀም ሰው አለ? የተጠቀመበትን የት ያደርጋል? ቆሻሻውን ማን ያነሳዋል?» ጥያቄው ለብቻ፣ ጎረቤት በሌለበት ይጠየቅ። በየዓመቱ ስንት ቤት እንደምትደርሱ ታውቃላችሁ፤ እኛ ክሊኒክ ውስጥ በመቶ ታካሚ የምናገኘውን እናንተ በአንድ ክረምት ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ክትባቱ ነው። የዚህን ግቢና የከተማውን ቆሻሻ የሚያነሱ ሰዎች ዛሬም ጠዋት ሥራ ላይ ነበሩ፤ እኛ ስንገባ በሩ ላይ አልፈናቸዋል። ሦስቱን ዙር ክትባት ለመስጠት ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ እንዳይቀሩ ደግሞ እኛ ወደ እነሱ መሄድ አለብን፣ ሳይነጋ፣ ጋሪው ከሚነሳበት ቦታ። የሆስፒታሉን ባልደረቦች ትናንት ማታ አነጋግሬያቸዋለሁ። የክትባቱን ወጪ ማኅበራችን ቢሸፍን፣ ለሚከታተሉት ነርሶችም ትራንስፖርት ብንሞላ፣ የመጀመሪያውን ዙር በዚህ ወር መጀመር እንደሚቻል ነግረውኛል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሮጌው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ተቀምጠን ዝርዝሩን እንጨርሳለን። የሚመጣ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ።